የሐረሪ ቤት ግድግዳና የስፌት ጥበብ

በሐረር ከተማ፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት በጁገል ግንብ ውስጥ ከሚገኙት የቀድሞ ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ክብ ስፌቶች፣ የእንጨት ገበታዎችና ሳሕኖች ከመደቡ በላይ እስከ ጣራው ድረስ በረድፍ ተሰቅለው ይታያሉ። ቤቱን ከሙዚየም ወይም ከሱቅ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ከዋናው ነገር ይርቃል። ሱቅ ዕቃውን ለማንኛውም ገዢ ያሳያል፤ ሙዚየምም ዕቃውን ከባለቤቱ ለይቶ ያኖራል። በሐረሪ ቤት የተሰቀለው ስፌት ግን ማን እንደ ሰፋችው፣ ለማን ሠርግ እንደ ተሰፋ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የቤቱ ሰዎች የሚያውቁት ነው።

ስፌቱ ለምን በዚህ ቤት እንዳማረ ለመረዳት አስቀድሞ የቤቱን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በውስጡ በአማርኛ መደብ የምንለው፣ በሐረሪ ቋንቋ ነደባ የሚባለው መቀመጫ በልዩ ልዩ ከፍታ ተሠርቷል። ቍጥሩም አብዛኛውን ጊዜ 5 ነው። አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታና ለከበረ ሰው ነው፤ ታላቁ ጊዲር ነደባና ትንሹ ቲት ነደባም እንደ ተቀማጩ ዕድሜና ማዕርግ የተለዩ ናቸው። በግድግዳው ውስጥ መጻሕፍትና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓድ መደርደሪያዎች አሉ። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ይህ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚለው ትርጓሜ በከተማው በሰፊው ይነገራል። ቀለሙ ከጦርነቱ ቢቀድምም ባይቀድምም፣ ሕዝቡ ሐዘኑን ሲያኖር ከአደባባይ ሐውልት ይልቅ የገዛ ቤቱን ወለል መምረጡ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወደዚህ ክፍል ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው በደጃፉ በኩል ነው። ተመልካቹም ቆሞ የሚያይ ሳይሆን በመደብ ላይ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ የሚያይ ነው። እንግዲህ በከፊል ጨለማ ውስጥ ከሩቅ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰፊ፣ ክብና ደማቅ የሆነ ነገር ነው። ጥቃቅን ሥዕል በዚያ ስፍራ ይጠፋ ነበር። ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚዞረው የስፌቱ ጌጥ ግን አይጠፋም።

ስፌቱ የሚሠራው የሣር ነዶ እየተጠመዘዘ፣ በላዩም አለላ በወስፌ እየተጠለፈ ነው። ቀድሞ ከዕፅዋት የሚገኝ ቀለም ይነከር ነበር፤ በኋላ ከውጭ የመጣ የዱቄት ቀለም ተተካ። ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ሙያውን ይማሩ ነበር። አንዱን ትልቅ ስፌት ለመጨረስ ወራት ይፈጃልና ለሠርግ የሚሆነው ገና በልጅነት ይጀመራል። ሙሽራዪቱ ከሰፋችው አንዳንዱ ለአማቷ ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ የእናት፣ የልጅና የምራት እጅ ጎን ለጎን ይሰቀላል፤ አማቲቱም የምራቷን ሙያ በየቀኑ ከፊቷ ታየዋለች። ይህ ለምራቲቱ ቀላል ፈተና አልነበረም።

የድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የባሕር ማዶ ዕቃ በብዛት ገባ፤ አበባ የተሣለበት የኢናሜል ሳሕንም በስፌቱ አጠገብ ተሰቀለ። ይህን እንደ ጥበብ መበላሸት የሚቈጥሩ አሉ። ፍርዱ ግን የችኰላ ነው። ሐረር በዘይላ በኩል ከባሕር ማዶ ስትነግድ የኖረች ከተማ ናት፤ የውጭ ዕቃ ለቤቶቿ እንግዳ አልነበረም። ሴቶቹም ያገኙትን ሁሉ አልሰቀሉም። ሳሕኑን የተቀበሉት እንደ ስፌቱ ክብ፣ ደማቅና ከግድግዳ ጋር የሚገጥም ስለ ሆነ ነው። ስፍራውንም የሰጡት በስፌቱ ረድፍ ሥርዓት ነው። የመረጠችው የቤቱ እመቤት ናት እንጂ ነጋዴው አይደለም።

ከዚህ የከበደው ለውጥ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1940 ዓ.ም. በሐረሪዎች ላይ እስራትና የንብረት መወረስ ከደረሰ በኋላ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም ብዙዎች እስከ ቶሮንቶ ድረስ ተበተኑ። ስፌት ተጠቅልሎ ይጓዛል፤ ነደባ ግን አይጓዝም። በኪራይ ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ በሚስማር የተሰቀለ ስፌት ከበታቹ መደቡን፣ ከፊቱም የደጃፉን ብርሃን አጥቷል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ግንቡና ቤቶቹ ጥበቃ አገኙ፤ ዛሬ ግን ብዙ ሙሽሮች ስፌቱን የሚገዙት ናቸው እንጂ የሚሰፉት አይደሉም። መዝገቡም ይህን ሊመልስ አይችልም። በተገዛው ስፌት ረድፉ እንደ ነበረ ይቈያል፤ አማቲቱ ግን ከፊቷ የምታየው እጅ የማን እንደ ሆነ አታውቅም።

በሌላ ወገን ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ ቤት ሲያሠሩ ከሶፋው ክፍል ሌላ ነደባ ያለበት አንድ ክፍል የሚያስጨምሩ የሐረሪ ቤተ ሰቦች አሉ። መደቡ ከሲሚንቶ ነው፤ ቀዩም ቀለም በቆርቆሮ የሚሸጥ የዘይት ቀለም ነው፤ ግንበኛውም የመደቦቹን ከፍታ የሚለካው የቤቱ ሽማግሌዎች እየነገሩት ነው።