በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ፣ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ ንግግራቸውን በአማርኛ አደረጉ። ከሰርቬት ሰፈር ሆኜ የትምህርት ቤቶቻችንን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ታሪክ ስመረምር፣ የዚያ ምርጫ ጥያቄ ይመለስብኛል፦ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ማን ነው?

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ያስቀድም ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የብሪታንያ ተጽዕኖ ሲበረታ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ መጻሕፍቱም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ፣ ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ።

መጻሕፍቱ ውለው አድረው ኢትዮጵያዊ ስምና ሥዕል ያዙ። ብዕሩ የተያዘበት ስፍራ ግን ያን ያህል አልቀረበም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የዓለም ባንክና ለጋሽ መንግሥታት በደገፉት የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ የሁለተኛ ደረጃ «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» መጻሕፍትን ለትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀው የብሪታንያው ፒርሰን ከሻማ ቡክስ ጋር ነበር።

እንደ ምጣኔ ሀብት ባለሙያ፣ ጉዳዩን ከክፋት ይልቅ በወጪ እተረጉመዋለሁ። ጆንን በአበበ መተካት ርካሽ ነው። ምንባቡን ከአፋር አርብቶ አደር ወይም ከጎጃም ገበሬ ልጅ እይታ ጀምሮ መጻፍ፣ በገጠር ክፍል ፈትኖ ማረም ግን ጊዜና ባለሙያ ይጠይቃል። ጨረታ ልምድን፣ ዋጋንና የመረከቢያ ቀንን ብቻ ከመዘነ፣ አቅራቢው የባህል ውክልናን በርካሹ መንገድ ቢያሟላ አያስደንቅም።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብንም ሳይንስንም በእንግሊዝኛ ይማራልና፣ በቋንቋው ራሱን መግለጽ ካልለመደ በሌሎቹም ትምህርቶች ሸምዳጅ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ዓለምን ከመጽሐፉ ማስወጣት አይደለም፤ ተማሪው ዓለምን ከቆመበት ሆኖ እንዲያይና እንዲጠይቅ ማድረግ እንጂ።

ከዚህ ደብዳቤ አንባቢዎች መካከል የፕሮጀክት ሰነድ የምትጽፉ አላችሁ። በሚቀጥለው ሰነድ ላይ የአገር ውስጥ ደራስያንና መምህራን ድርሻ፣ የገጠር ሙከራና የቅጂ መብት ባለቤትነት በነጥብ ይመዘኑ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደሚሆን የሚወሰነው እዚያ፣ ብዙዎች በማያነቡት የጨረታ መስፈርት ውስጥ ነው።