ለለውጥ ክፍት የተተወ ማሽን፦ የአይቢኤም 5150 የጥገናና የማሻሻያ ታሪክ

ከመጋዘን ጥግ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት ክምር የተገኘ አሮጌ ኮምፒውተር እንደገና ነፍስ ይዘራ ዘንድ የጠጋኙ ችሎታ ብቻውን አይበቃም፤ ማሽኑ በተነደፈበት ጊዜ ሠሪዎቹ ለጠጋኝ የተዉለት መግቢያ መኖር አለበት። ሙያውን ገና የሚለማመድ ሰው እንኳ ሊደፍረው የሚችል ማሽን ቢፈለግ፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1981 ለሕዝብ ያስተዋወቀውንና በሞዴል ቁጥሩ 5150 ተብሎ የሚጠራውን የግል ኮምፒውተር የሚስተካከል ጥቂት ነው፤ ለዚህ ያበቁትም ውሳኔዎች በአብዛኛው በጥድፊያ የተወሰኑ ናቸው።

ማሽኑን የሠራው በፍሎሪዳ ግዛት በቦካ ራቶን ከተማ የነበረ፣ በዶን ኤስትሪጅ የሚመራ አነስተኛ ቡድን ሲሆን፣ ሥራውን እንዲጨርስ የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ነበር። አይቢኤም እስከዚያ ድረስ የማሽኖቹን ክፍሎች በአብዛኛው በራሱ ፋብሪካዎች ያመርት ነበር፤ ይህ ቡድን ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ ስላልነበረው፣ ስሌቱን የሚያከናውነውን 8088 የተባለ ፕሮሰሰር ከኢንቴል፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ዶስ የተባለ ሥርዓት ከማይክሮሶፍት፣ ከቀሩትም ክፍሎች ብዙዎቹን ከገበያ ገዛ። ከዚህም በላይ ሌሎች ኩባንያዎች ተጨማሪ ካርዶችን እንዲሠሩለት ሲል በዋናው ሰሌዳ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ አምስት የካርድ መሰኪያዎችን አበጀ፤ የሰሌዳውን የኤሌክትሪክ ንድፍና ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውን ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ሙሉ ዝርዝርም በቴክኒክ መመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ይህ ግልጽነት ኮምፓክን ለመሰሉ ተወዳዳሪዎች በር እንደከፈተ ብዙ ተጽፏል፤ ከአርባ ዓመታት በኋላ የተበላሸ ሰሌዳ ፊቱ የተቀመጠለት ጀማሪ የእያንዳንዱን መስመር መነሻና መድረሻ ከመጽሐፍ ማንበብ መቻሉ ግን፣ ከዚያ የማያንስ ፍሬ ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም አይወሳም።

በ1,565 ዶላር የቀረበው መነሻ ማሽን 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ የነበረውና ስክሪንም ሆነ የፍሎፒ ድራይቭ ያልተካተተበት በመሆኑ፣ ድራይቭ ያልጨመረ ገዢ ፕሮግራሙን በተራ የቴፕ ካሴት ላይ ለማስቀመጥ ይገደድ ነበር፤ ስለዚህ የማሻሻል ልማድ ከግዢው ቀን ጀምሮ ከማሽኑ ጋር ኖሯል። ሜሞሪው በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ ዘጠኝ ቺፖች ሆኖ የተደረደረ ሲሆን፣ ዘጠነኛው ቺፕ የሌሎቹን ስሕተት ለመቆጣጠር የተመደበ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በሰሌዳው ላይ ተበይዶ፣ የቀሩት ሦስቱ ግን በእጅ ተጭኖ በሚገባባቸው ሶኬቶች ስለተዘጋጁ፣ ባለቤቱ ቺፖቹን ገዝቶ በየቦታቸው ከሰካ በኋላ የሜሞሪውን መጠን ለማሽኑ የሚነግሩትን ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ማስተካከል ብቻ ይቀረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤኤስቲ የተባለው ኩባንያ ሲክስፓክ ፕላስ የተሰኘውን፣ እስከ 384 ኪሎባይት ሜሞሪ ከሰዓትና ከተጨማሪ መሰኪያዎች ጋር በአንድ ካርድ የያዘ ዕቃ ለገበያ አቀረበ፤ በ1984 ደግሞ የጃፓኑ ኤንኢሲ በ8088 ሶኬት ውስጥ ልክ የሚገባና ከእርሱ የሚፈጥን ቪ20 የተባለ ፕሮሰሰር አወጣ።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው የሃርድ ዲስክ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1983 የወጣው ተከታዩ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክና 130 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሲኖረው፣ የ5150 ፓወር ሰፕላይ ግን 63.5 ዋት ብቻ ስለሆነ የዘመኑን ሃርድ ዲስክ ለመሸከም አቅም ያንሰው ነበር። በተጨማሪም በ1981 የተሠሩት ባዮሶች ሃርድ ዲስኩን በሚቆጣጠረው ካርድ ላይ የተቀመጠውን ፕሮግራም ፈልገው ማስነሣት ስለማይችሉ፣ ባለቤቱ የባዮሱን ቺፕ ይህን ችሎታ ያገኘውን የኦክቶበር 27 ቀን 1982 ባዮስ በያዘ ቺፕ መተካት ነበረበት። የዛሬው ጀማሪ የሚጋፈጠው መሰናክልም ይኸው የባዮስ ጉዳይ ነው።

ከማሻሻሉ በፊት ግን ማሽኑ መነሣት አለበት። ለረጅም ጊዜ ያልበራ 5150 ብዙውን ጊዜ ሲበራ ድምፅ አያሰማም፤ ማራገቢያው ለአፍታ ተንቀጥቅጦ ይቆማል። የተለመደው ጥፋተኛ ታንታለም ካፓሲተር ነው፤ ይህ የቮልቴጅን መዋዠቅ የሚያረጋጋ፣ ጠብታ መሰል ትንሽ ክፍል ሲያረጅ መስመሩን ከመሬት ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል፣ ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ጠጋኙ ገመዱን ነቅሎ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ከመሬት ጋር ያለውን ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ይለካል፤ ካርዶቹንም አንድ በአንድ እያወጣ ልኬቱን ሲደጋግም ጥፋቱ በካርድ ላይ ይሁን በሰሌዳው ላይ ይለያል። ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ሲሞከር ያለ ጭነት ላይነሣ ስለሚችል ሞቷል ተብሎ መጣል የለበትም፤ ውስጡም ከተነቀለ በኋላ አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቆይ ጀማሪ ሊከፍተው አይገባም።

ኃይል ከተገኘ በኋላ ማሽኑ ሕመሙን በከፊል ራሱ ይናገራል። በስክሪኑ ላይ 201 የሚል ቁጥር ከታየ የሜሞሪ ብልሽት ማለት ሲሆን፣ ከፊቱ ከሚጻፉት አራት ምልክቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረድፉን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በረድፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ያመለክታሉ፤ ጠጋኙም ያንኑ ቺፕ ከሶኬቱ አውጥቶ ይተካል። ጥፋቱ በተበየደው የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ከሆነ ግን ማሽኑ ምንም ሳያሳይ ይቆማል፤ ብየዳ ለማያውቅ ሰው ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው።

ዛሬ በስፋት የሚደረገው ማሻሻያ፣ በትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች የተዘጋጀውን ኤክስቲ-አይዲኢ የተባለ ካርድ ሰክቶ፣ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኮምፓክት ፍላሽ የተባለውን የካሜራ ሜሞሪ ካርድ መጠቀም ነው። ፍላሹ የሚፈልገው ኃይል እጅግ አነስተኛ ስለሆነ 63.5 ዋቱ ይበቃል፤ ባዮሱ ግን አሁንም የ1982ቱ መሆን አለበት። ማሽኑን ከፋብሪካ እንደወጣ የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ጭማሪ እንደ ጉድፍ ሲያዩት ይታያል፤ ነገር ግን 5150 ገና ከጅምሩ በባለቤቱ እጅ እንዲሟላ ሆኖ የቀረበ ዕቃ በመሆኑ፣ በ1980ዎቹ የተሰካበት ካርድና ቺፕ የታሪኩ ማስረጃ ነው፤ ተነቅሎ ቢጣል ማሽኑ ይጎድላል እንጂ አይጠራም። አዲሱም ጭማሪ፣ የወጣው ክፍል ተጠብቆ ከተቀመጠና ሰሌዳው ካልተቆረጠ፣ በዚያው ልማድ ውስጥ የሚቆጠር ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ጽሑፍም ቅርብ ነው። በዶስ ዘመን የተዘጋጁ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል ኮድ ይጠቀሙ ነበር፤ ፊደሉ በዩኒኮድ የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በ360 ኪሎባይት ፍሎፒ ላይ የተቀመጠ ሰነድ በዛሬው ኮምፒውተር ለመነበብ ድራይቩም ኮዱም ያስቸግሩታል። ይህን ፍሎፒ የሚያነብ ድራይቭ ያለውና ኮምፓክት ፍላሽ የተጨመረለት 5150 ወይም ኤክስቲ ግን ሰነዱን ከነመጻፊያ ፕሮግራሙ ከፍሎፒው ወደ ፍላሹ ሊገለብጠው ይችላል፤ ፍላሹ ተነቅሎ በአዲስ ኮምፒውተር ሲሰካ የቀረው ሥራ የአሮጌውን ኮድ ፊደላት አንድ በአንድ ከዩኒኮድ ጋር ማዛመድ ይሆናል።