የቅዳሜ ፍሪሲዮን

ፍራንክፈርትና አካባቢዋ የሚኖር አበሻ የመኪናው ፍሪሲዮን ሲያልቅ መጀመሪያ የሚደውለው ለጓደኛው ነው፤ ጋራዥ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የጀርመን ጋራዥ ለእጅ ብቻ በሰዓት ከ100 ዩሮ በላይ ቢጠይቅ የሚገርመው የለም፤ ፍሪሲዮን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ መውረድ አለበት። መኪናው አሮጌ ጎልፍ ወይም ኮርሳ ከሆነ ሂሳቡ የመኪናውን ዋጋ ሊያክል ምንም አይቀረው።

አዲስ አበባ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ እጅ ርካሽ፣ ዕቃ ውድ። ሶማሌ ተራ ተዙሮ፣ ተከራክሮ ሸራው ብቻ ይገዛል። ሸራውን የሚጫነው ሳህን ደህና ከመሰለ ይመለሳል፣ ኩሽኔታውም ካልጮኸ ይመለሳል። ካምቢዮው በዓመቱ እንደገና ቢወርድ ያን ያህል ኪስ አይጎዳም። ያንን ልማድ ይዞ የመጣ ሰው ግን እዚህ ቶሎ ይተወዋል። ሸራ፣ ሳህንና ኩሽኔታ በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ፤ ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ። ለአንድ ኩሽኔታ ሲባል ካምቢዮ ሁለቴ ለማውረድ ትርፍ ቅዳሜ ያለው ሰው የለም።

ከአገር ቤት መጥቶ የጸደቀው ደቦው ነው። መንገድ ዳር መኪና ብትፈታ ጎረቤት ይቆጣል፣ ዘይት መሬት ከነካ ደግሞ ቅጣት አለ። ስለዚህ ሥራው በሰዓት ወደሚከራይ ጋራዥ ገባ፤ ጀርመኖች «ሚትቬርክሽታት» ይሉታል። ሊፍቱንና መፍቻውን ትከራያለህ፣ እጅ ያንተ ነው።

የእኛ ደቦ መሪ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ላዳ ሲፈቱ የኖሩ መካኒክ ናቸው። እዚህ የሚሠሩት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ለእንዲህ ያለ እጅ አሳፋሪ ብክነት ይመስለኛል። ላዳ ሞተሩ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው፤ ጎልፍ ግን ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ በመጀመሪያ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ይወጣሉ፣ ሞተሩ በድጋፍ ይያዛል፣ ካምቢዮው በጎን ተንሸራቶ ይወርዳል።

ጋሼ ማንንም የማያስነኩት ሸራውን መሀል ማስያዝ ነው። ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ መሣሪያ በርካሽ ይገኛል፤ እሳቸው ግን የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው፣ ፕላስተር እየጠቀለሉ ልኩን ያወጣሉ። ሸራው የሚጫንበት ቮላኖ በፍሬን ማጽጃ ይወለወላል። የትኛው ፊት ወደ ካምቢዮ እንደሚዞር ሸራው ላይ በጀርመንኛ ተጽፏል፤ ጋሼ ጽሑፉን አያዩም፣ ሞላዎቹ ያበጡበትን ፊት ያያሉ። «በዘይት እጅህ ሸራውን እንዳትነካ፣ ልጄ! ቅባት ከነካው ይንሸራተታል» ይላሉ። ከዚያ የሳህኑ ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ሸራው ትንሽ ከመሀል ከሸሸ የካምቢዮው ዘንግ እምቢ ይላል፤ ሁለት ሰው ካምቢዮ ደግፎ በላብ ይጠመቃል።

ክፍያ የለም፤ ባለመኪናው ምሳ ያበላል።

ይህ ልማድ ግን ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። አዲሱ መኪና በአብዛኛው አውቶማቲክ ወይም ኤሌክትሪክ ነው። የቡል ከተማው ኩባንያ ሉክ እ.ኤ.አ. በ1985 ያመጣው ባለሁለት ክፍል ቮላኖም ዛሬ በብዙ ናፍጣ መኪኖች ላይ አለ፤ እሱ ካለቀ ዕቃው ብቻውን ኪስ ያራቁታል።

በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮናችሁ እየሄደ ነው፤ ቮላኖውን አቃጥሎ ተጨማሪ ወጪ እስኪያመጣ አትጠብቁ። ዕቃ ስታዙ የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ፤ ናፍጣ ከሆነ የቮላኖውን ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ። የቅዳሜ ሊፍት ቶሎ ስለሚያዝ ከረቡዕ በፊት ደውሉ።