ከጨርጨር ደጋ እስከ ዴዴሳ ተፋሰስ፦ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትና የሜክቲዛን ዘመቻ ታሪክ

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ጤና ተቋማት የሚያገለግል ባለሙያ ስለ ኦንኮሰርኪያሲስ ያለው ዕውቀት በአብዛኛው ከትምህርት ገበታ የተረፈው ነው። ይህም አያስገርምም። በሽታው በሀገራችን ሥር ሰዶ የተገኘው በምዕራቡ ክፍል፣ ይኸውም ከደቡብ ምዕራቡ የካፋና የሸካ ደን ጀምሮ በኢሉባቦርና በወለጋ በኩል አልፎ እስከ መተማ ቆላ በሚዘልቀው ምድር ነው፤ የጨርጨር ተራሮች ከዚህ ካርታ ውጪ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም መሬት የጠበባቸውና ድርቅ የደጋገማቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የምዕራብና የምሥራቅ ሐረርጌ አባወራዎች ወደ ምዕራብ ተሻግረው፣ በያኔው የኢሉባቦር ዞን በዴዴሳ ተፋሰስ ጨዋቃ በተባለው ስፍራ ሰፈሩ። ጨዋቃ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር የምትገኝ ራሷን የቻለች ወረዳ ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ የጭሮና የአካባቢው ቤተሰብ የምዕራቡ በሽታ የወንድም፣ የእኅት፣ የአጎት ሀገር በሽታ ሆኗል።

በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥቁር ዝንብ የሚራባው በፍጥነት በሚፈስ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ በሚወርድ ውኃ ነው። እጮቹ በዐለትና በውኃ ውስጥ በተዘፈዘፈ ቅጠል ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ሴቷ ዝንብ በቀን ብርሃን ትነክሳለች፤ ስለዚህም በሌሊት የሚዘረጋ አጎበር ለዚህ በሽታ ፋይዳ የለውም። በንክሻው የገባው ትል ጎልምሶ ማይክሮፊላሪያ በቆዳ ውስጥ እስኪታይ ድረስ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ጎልማሳዋ ትል ደግሞ ከቆዳ ሥር በሚዳሰስ እባጭ ውስጥ ተሸሽጋ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ልትኖር ትችላለች። የሰውን ቆዳ የሚያሳክከው፣ ወደ ዓይን ሲዘልቅም ብርሃን የሚነሳው በሚሊዮን የሚቆጠረው ልጇ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር መባል አለበት። «የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ የሣር ምድር ነው፤ በዚያ መንደሮች በዓይነ ስውራን ተሞልተው ለም የወንዝ ዳር መሬት ተጥሎ ተሰዷል። በኢትዮጵያ ግን ገናናው ችግር ቆዳ ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ፣ እንደ ዝሆን ቆዳ የሚሻክርና የሚወፍር ገላ፣ በቅልጥም ላይ ለምጽ የሚመስል ዝንጉርጉር ነጠብጣብ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቴፒ የቡና ልማት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከባድ የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሠራተኞች የቀን ገቢያቸው ከጤነኞቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቡና ለቅሞ ለሚያድር ሰው ማሳከክ ምን ያህል እንጀራ እንደሚያሳጣ ለሐረርጌ ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም። መጠሪያው ዓይንን ብቻ በማስታወሱ ቆዳው ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቀርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሽታው በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በጣሊያን ተመራማሪዎች አማካይነት፣ በደቡብ ምዕራብ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ኡመን የተባለው ሐኪም በካፋ ክፍለ ሀገር ያደረገው ጥናት የስርጭቱን ስፋት ገለጠ። ዕውቀቱ ነበረ፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም። በዘመኑ የነበረው ዳይኢታይልካርባማዚን ማይክሮፊላሪያውን በድንገት ሲገድል ብርቱ ማሳከክ፣ ትኩሳትና እብጠት፣ አልፎም የዓይን ጉዳት ያስከትል ነበር፤ ሱራሚን ደግሞ መርዛማነቱ የከፋ ነበር። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለመንደር ሕዝብ በጅምላ ማደል አይታሰብም።

መፍትሔው የመጣው ከጃፓን አፈር ነው። ሳቶሺ ኦሙራ በኢቶ ከተማ አካባቢ ካነሳው የአፈር ናሙና የተገኘውን ባክቴሪያ ዊልያም ካምቤል በመርክ ኩባንያ መረመረው፤ ከእርሱም በመጀመሪያ ለእንስሳት ሕክምና የዋለው አይቨርሜክቲን ተገኘ። የኩባንያው ባልደረባ መሐመድ አዚዝ እ.ኤ.አ. በ1981 በሴኔጋል በሰው ላይ ሙከራውን ጀመረ። በ1987 ኩባንያው በሮይ ቫጄሎስ መሪነት መድኃኒቱን ሜክቲዛን በሚል ስም ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ኦሙራና ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መድኃኒቱ ማይክሮፊላሪያውን ያጠፋል፤ ጎልማሳዋን ትል ለወራት ከመውለድ ያግታታል እንጂ አይገድላትም። የዘመቻው አድካሚነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ትሏ አርጅታ እስክትሞት ድረስ አንድ መንደር በየዓመቱ፣ ያለማቋረጥ፣ ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት መዋጥ አለበት። ይህን በጤና ባለሙያ ብቻ መወጣት የማይቻል በመሆኑ የአፍሪካ ኦንኮሰርኪያሲስ ቁጥጥር ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ተቋቁሞ በ2015 የተዘጋው፣ ሥራውን ለማኅበረሰቡ አስረከበ። መድኃኒት አዳዩን የሚመርጠው መንደሩ ነው፤ የዕደላውን ጊዜና ቦታም የሚወስነው እርሱው ነው። ሚዛን አያስፈልግም፦ መጠኑ የሚለካው በቁመት ነው። በዘንጉ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ ሕፃን አይወስድም። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ቁመቱ ከአንድ እስከ አራት ባለ 3 ሚሊ ግራም እንክብል ይውጣል። ነፍሰ ጡር፣ በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናትና በጠና የታመመ ሰው ይቆያሉ። ቀላል የሚመስለው ይህ ዘንግ፣ ፊደል ያልቆጠረን ገበሬ እንኳ በትክክል መጠን የሚሰጥ አዳይ ማድረግ መቻሉ ከመድኃኒቱ ግኝት ያላነሰ ፋይዳ አለው።

በኢትዮጵያ ዕደላው በካፋና በሸካ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርን ካርተር ሴንተር ደገፈ። ከዚያ በኋላ ኢሉባቦርን፣ ጅማንና ሰሜን ጎንደርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ዞኖች ተስፋፋ። የሚታከመው ወረዳ የሚለየው በፈጣን ቅኝት ሲሆን፣ በአንድ መንደር ለረጅም ጊዜ የኖሩ ጥቂት ደርዘን ጎልማሳ ወንዶች ተዳስሰው እባጭ የተገኘባቸው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ መንደሩ በዘመቻው ይካተታል። ለቁጥጥር ዘመን ይህ ብልህ አሠራር ነበር፤ ውሱን መድኃኒትና ጉልበት የከፋ ወደ ተጎዳው ይሄዳል። ይሁንና ከመስፈርቱ በታች የወደቀው ቀበሌ ሕሙማን ነበሩበት፤ ዝንቡም ከመስመሩ ይሻገር ነበር። አዲስ ሰፋሪ በሚበዛበት መንደር ደግሞ ዘዴው ራሱ ይጎድላል። ከሐረርጌ የመጣው ጎልማሳ ገና ከዝንቡ ጋር አልኖረምና እባጭ አይዳሰስበትም።

ይህ ጉድለት የተስተካከለው ግቡ ሲለወጥ ነው። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገችው ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዕቅድ መቆጣጠርን ትታ ማጥፋትን መረጠች። በ2014 የባለሙያዎች አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዝቅተኛ ስርጭት ያለባቸው ወረዳዎች ተካተቱ፤ በብዙ ስፍራም ዕደላው በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ። መለኪያውም ከእባጭ ዳሰሳ ወደ ላቦራቶሪ ተሻገረ፦ ከአሥር ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ደም ውስጥ የኦቪ-16 ፀረ እንግዳ አካል፣ በሺዎች በተያዙ ዝንቦች ራስ ውስጥ ደግሞ የትሉ ዘረመል በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይፈለጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ ተላላፊ እጭ የያዘው ዝንብ ከ2000 አንድ እንዳይደርስ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ፍሬ የታየው በድንበር ላይ ነው። መተማና የሱዳኑ ገላባት አንድ የበሽታ ቀጠና ናቸው። የሰሊጥና የጥጥ ቀን ሠራተኛው ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል፤ ለዝንቡም ድንበር የለውም። አንዱ ሀገር ቢያክምና ሌላው ቢተው ድካሙ ከንቱ ይሆን ነበር። ሁለቱ ሀገሮች መረጃ እየተለዋወጡ፣ ዕደላውን እያቀናጁ ሠርተው በመጨረሻ ስርጭቱ መቋረጡን በጋራ ተስማሙ፤ በመተማ በኩል የጅምላ ሕክምናው በ2010 ዓ.ም. ቆሞ ወደ ክትትል ተገባ። ከዚያ ወዲህ በሱዳንም በአማራ ክልልም የተነሣው ጦርነት ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ምን ያህል እንደሚፈትነው ግልጽ ነው። ለሀገሪቱ ተተልሞ የነበረው 2020ም ሳይደረስበት አለፈ። በአፍሪካ በሽታውን ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ ሀገር ኒጀር ስትሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው።

ወደ ጨርጨር ስንመለስ፣ በጅምላ የሚታደል መድኃኒት ለኦሮሚያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ለትራኮማ አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ሲሰጥ ኖሯል። የሁለቱ ልዩነት ያለው በካርታው ላይ ነው። ጨዋቃ ያለው ወንድም በቀበሌው ዘንግ ተለክቶ ሜክቲዛን ይውጣል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም መሬት ለመካፈል ጭሮ መጥቶ ዓመት ሁለት ዓመት የቆየው ግን ዙሩ ያመልጠዋል፤ በጭሮም የሚሰጠው የለም። የመውለድ አቅሟ ለወራት የታገተው ትል ያን ጊዜ ትነቃለች። ማሳከኩ ሲጀምረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እከክ ነው ተብሎ የቤንዚል ቤንዞዌት ቅባት ይሰጠዋል፤ ሳይሻለው ይመለሳል። ከዳሌ አጥንት ላይ በመርፌ ጫፍ ብድግ የተደረገች ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ቆዳ በጨው ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ተዘፍዝፋ በማይክሮስኮፕ ብትታይ የሚዋኘውን ትል ታሳያለች፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ወባና ሳንባ ነቀርሳ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ሁሉ አለ። ከዚያ በፊት ግን በሕሙሙ ካርድ ላይ የመኖሪያ ቀበሌው በሚጻፍበት መስመር አጠገብ፣ ባለፉት ዓመታት የት እንደኖረ ተጠይቆ መጻፍ አለበት።