ጠበቃ ያልቆመለት ተከሳሽ፦ ከቤትስ እስከ ጊዲዮን



የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ማሻሻያ ለወንጀል ተከሳሽ በጠበቃ የመረዳትን መብት ቢደነግግም፣ ለረጅም ዘመን የሚያስገድደው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1942 እ.ኤ.አ. በቤትስ መዝገብ፣ ግዛቶች ለድኻ ተከሳሽ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የሚኖርባቸው «ልዩ ሁኔታ» ሲያጋጥም ነው አለ። ዳኛ ሁጎ ብላክ በሐሳብ ተለዩ።

በ1961 ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን የተባለ ሰው በፍሎሪዳ ፓናማ ሲቲ የፑል ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ እንዲቆምለት ጠየቀ፤ የግዛቱ ሕግ የሚፈቅደው በሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው ተባለ። ራሱ ተከራከረ፤ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ዝነኛ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፍጻሜው ነው።

በ1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ቤትስን ሻሩ። ፍርዱን የጻፉት፣ ከ21 ዓመት በኋላ፣ እኚያው ብላክ ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጉዳዩ እንደገና ሲሰማ ዋናው ምስክር አልተለወጠም፤ መስቀለኛ ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን አሁን ጠበቃ ነበር። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል መክሮ ጊዲዮንን ነጻ አወጣው።

ቀድሞ የፈረደበት ዳኛ «ልዩ ሁኔታ» አላየም፤ ሰውየው አእምሮው ጤናማ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ነበርና። የመለኪያው ሕጸጽ ይኸው ነው፤ የፍትሕ ጉድለቱን የሚያሳየው ያልቆመው ጠበቃ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(5) መንግሥት ጠበቃ የሚያቆመው ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ መሆኑን ይደነግጋልና፣ ዳኛው ይህን በየትኛው የክርክር ደረጃ፣ በምን መረጃ ይመዝናል?