ጆን ቡንያን፦ ሸክም ያዘለውን መንገደኛ የጻፈው ሰባኪ



ከይፋት ቆላ ተነስቶ በአሊዩ አምባ በኩል አንኮበር የወጣ ሰው፣ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። እንግሊዛዊው ጆን ቡንያንም ዝነኛ መጽሐፉን የጀመረው ከባድ ሸክም ባዘለ ሰው ነው። ሸክሙ ኃጢአት ነው፤ የሚወርደውም በመስቀሉ ፊት ነው።

ሕይወቱ

ቡንያን በ1628 እ.ኤ.አ. በቤድፎርድ አጠገብ በኤልስቶው ተወለደ። እንደ አባቱ ድስትና መጥበሻ እየጠገነ የሚኖር፣ ብዙ ያልተማረ ሰው ነበር። ካመነ በኋላ ወንጌልን መስበክ ጀመረ። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ በመስበኩም በ1660 ታሰረ። «ከእንግዲህ አልሰብክም» ቢል ይፈታ ነበር፤ እርሱ ግን እምቢ ብሎ 12 ዓመት ያህል በእስር ቆየ። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሰበረው ማየት የተሳናት ልጁ ነገር ነበር። በ1688 ለንደን ውስጥ አረፈ።

ሥራዎቹ

የራሱን ምስክርነት በ1666፣ «ፒልግሪምስ ፕሮግረስ» የተባለውን የመንገደኛውን ታሪክ በ1678፣ ሁለተኛውን ክፍል ደግሞ በ1684 አሳተመ። በአገራችን ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ወደ አማርኛ የመለሱት በ1892 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም «ወዳጄ ልቤ»ን ሲጽፉ የቡንያንን ፈለግ ተከትለዋል።

ልብ ወለድ ለክርስቲያን ይገባልን?

አንዳንድ ወገኖች «ያልሆነ ነገር ለምን እናነባለን?» ይላሉ። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው በምሳሌ ነው (2ሳሙ. 12፥1-7)። ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯል (ማቴ. 13፥34)። ምሳሌ የተዘጋ ልብ ይከፍታል።

ሆኖም ምሳሌ እንደ ምሳሌ ይነበብ። መንገደኛው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ መውጣቱን አይቶ «ለአገልግሎት» በሚል ቤቱን የሚበትን ሰው መጽሐፉን አልተረዳም (1ጢሞ. 5፥8)። ሁለተኛው ክፍል እኮ የሚተርከው የሚስቱና የልጆቹ ጉዞ ነው። በእስር ቤት ሆኖ ስለ ልጁ ያለቀሰ አባት ቤተሰብን ንቁ አላለንም።

ውድ አንባቢ፣ አንተስ፣ አንቺስ፣ ሸክማችሁ የት ነው? ዛሬም በጀርባችሁ ካለ የሚያሳርፈው ጌታ ይጠራችኋል (ማቴ. 11፥28)። ከወረደላችሁም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ተጓዙ።

ጌታ ይባርካችሁ።