ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ወደ ባለቤቶቿ የተመለሰችበት ዜና

በእግዚአብሔር ስም። በጦርነት ዘመን የተዘረፈች ሥዕል በሰላም ዘመን ወደ ባለቤቶቿ እንዴት እንደተመለሰች እንጽፋለን። ያልተጻፈ ግፍ ይረሳልና።

ጣልያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ወራት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937፣ ኦንሪ ማቲስ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ሠዓሊ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በእሳት ምድጃ ፊት የተቀመጠች ሴት ሣለ። ሥዕሊቱንም ፖል ሮዘንበርግ የተባለ የፓሪስ ነጋዴ ከራሱ ከሠዓሊው ገዛት። ሮዘንበርግ አይሁዳዊ ነበር፤ በእጁ የሚያልፈውንም ሥዕል ሁሉ መዝግቦ ፎቶግራፉን ያስቀምጥ ነበር።

በ1932 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 1 ቀን የጀርመን ጦር የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ገባ። ንጉሥ ሃኮን ሰባተኛም ለወራሪ አልገዛም ብለው ወደ ሰሜን አፈገፈጉ፤ በኋላም ግርማዊ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ እንዳደረጉት ሁሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በሰኔም ፓሪስ ወደቀች። ሮዘንበርግ ሥዕሎቹን በቦርዶ አጠገብ በሊቡርን ከተማ ባንክ ውስጥ ቆልፎባቸው ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ሸሸ።

በ1933 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጃንሆይ በድል አዲስ አበባ በገቡበት ዓመት፣ ጀርመኖች የሊቡርኑን ካዝና ከፍተው 162 ሥራዎች ዘረፉ። ምርኮውንም በፓሪስ ዤ ደ ፖም በሚባለው ቤት ሰበሰቡት፤ የሂትለር ባለሟል ሔርማን ጎሪንግ ወደዚያ እየተመላለሰ ለራሱ የሚሻውን ይመርጥ ነበር። በዚያ ቤት ግን ሮዝ ቫላን የተባለች ሠራተኛ ነበረች። ጀርመንኛ እንደማታውቅ ሆና ወሬአቸውን ትሰማ፣ የትኛው ሥዕል ወዴት እንደተጫነም በስውር ትጽፍ ነበር። ብትያዝ ሞት ይጠብቃት ነበር፤ ነገር ግን መጻፉን አልተወችም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሮዘንበርግ በ1959 በፈረንጅ አቆጣጠር እስኪሞት ድረስ ሀብቱን ፈለገ፤ ብዙውንም አገኘ። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት ግን ሳያያት ሞተ። እርሷን ኒልስ ኦንስታድ የተባለው የኖርዌይ የመርከብ ባለጸጋ በ1942 ዓ.ም. ገደማ ከፓሪስ ነጋዴ ከሄንሪ ቤኔዚ ገዝቷት ነበር፤ የተዘረፈች መሆኗንም አላወቀም። በኋላም ከሚስቱ ከሶንያ ሄኒ ጋር፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት 3 ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘችው ጋር፣ ከኦስሎ ወጣ ብሎ በባሕር ዳርቻ በሆቪኮደን የሥነ ጥበብ ቤት አሠሩ። ቤቱ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ተከፈተ። ሥዕሊቱም ከቤቱ ሀብት ጋር ተቈጠረች።

በኅዳር 1991 ዓ.ም. የ44 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው ናዚዎች የዘረፉት የጥበብ ሥራ እንዲፈለግና ፍትሕ እንዲያገኝ ተስማሙ። ይህ ፍለጋ የሥዕልን ዘር መቊጠር ነው፦ ማን ሣላት፣ ማን ገዛት፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈች? መርማሪው ሥዕሏን ገልብጦ ጀርባዋን ያያል፤ የነጋዴ ወረቀት፣ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ቊጥር ይፈልጋል። ከዚያም ከድሮ መዝገብና ፎቶግራፍ ጋር ያስተያያል። ናዚዎች በነገሡበት ዘመን ባለቤቷ ማን እንደነበረ ካልታወቀ፣ ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል።

በ2004 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የጠፉ የጥበብ ሥራዎችን የሚመዘግብ የለንደን ድርጅት «ይህች ሥዕል የሮዘንበርግ ናት» ብሎ ለሆቪኮደኑ ቤት አስታወቀ። በኖርዌይ ሕግ በቅን ልቡና የገዛውን ዕቃ ከ10 ዓመት በላይ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል። ቤቱ ይህን ይዞ ሊከራከር ይችል ነበር። ነገሩ ከተመረመረ በኋላ ግን፣ በ2006 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በመጋቢት ወር፣ ሥዕሊቱን ለሮዘንበርግ ወራሾች መለሰ። ከተዘረፈች 73 ዓመት ሆኗት ነበር።

እኛም ይህን ስንጽፍ መቅደላን እናስባለን። የሆቪኮደን ቤት ከመከፈቱ 100 ዓመት ያህል በፊት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ የእንግሊዝም ጦር አምባውን ዘረፈ። ምርኮውን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመው ወረዱ። በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሲሸጥም የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ቆሞ ይገዛ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በኤድንበራ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት ተመልሶ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል፤ 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች ግን ዛሬም በለንደን አሉ።

የእነርሱ ዘር ቈጠራ እንደ ኦስሎዋ ሥዕል የሚያደክም አይደለም። የአገራችን ጸሓፊዎች መጽሐፉ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ በብራናው ላይ ይጽፋሉ፤ የሰረቀውንና የፋቀውንም ያወግዛሉ። ከመቅደላ በተወሰዱት በብዙዎቹ ላይ የመድኃኔ ዓለም ደብር ስም ተጽፏል። መርማሪ ሆይ፣ ገልብጠህ አንብበው፤ ባለቤቱ እዚያው ተጽፎልሃል።